ቁልቁለቱን ቀድመውን የሚወርዱት ጋሽ ከድር

ይህን የምጽፈው ጋሽ ከድርን ለምታውቁ ሁሉ ነው። ጎማችሁ ተንፍሶ በራቸው ላይ ለቆማችሁ፣ የወደቃችሁበትን እየነገራችኋቸው ላለቀሳችሁ፣ ሻያቸውን ጠጥታችሁ ሳትከፍሉ ለሄዳችሁ ሁሉ። መርዶውን ያልሰማ ካለ ከእኔ ይስማው። የብስክሌት ጠጋኛችን ጋሽ ከድር ባለፈው ሳምንት ዓርብ ማለዳ፣ የሱብሒ ሶላታቸውን ሰግደው ጋደም ባሉበት፣ እዚሁ ኮልፌ በቤታቸው አረፉ። የዚያኑ ዕለት ከጁምዓ በኋላ ቀበርናቸው።

«ቀበርናቸው» አልኩ እንጂ እኔስ ከመቃብሩ በር አላለፍኩም። ሴት ወደ ውስጥ አትገባምና እስከ በሩ ብቻ ሸኘኋቸው። የሰፈራችን ብስክሌት ክለብ ልጆች ሁሉ ብስክሌታችንን በእጃችን እየገፋን ከጀናዛው ኋላ ሄድን። አንድም ሰው ኮርቻ ላይ አልወጣም። ማንም አልከለከለንም፤ እንዲያው እግራችን እምቢ አለ። አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ማን ነው የሞተው?» አለኝ። «ጋሽ ከድር» አልኩት። «የሳይክሉ?» አለና ወደ ሾፌሩ ዞሮ «ቀስ በል፣ ጡሩምባ አትንፋ» ሲለው ሰማሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላለቀስኩም ነበር።

እኔ ምሕረት እባላለሁ። ብስክሌት ተወዳዳሪ ነኝ፤ የእሳቸው ደንበኛ፣ በኋላም ተማሪያቸው ነበርኩ። አፌ ፈጣን ነው፣ ኩርፊያም አይቸግረኝም። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ «ምሕረት ተብለሽ ምሕረት የለሽም» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

የጋሽ ከድር መጠገኛ ቤት አየር ጤና ከታክሲ ተራው ጀርባ፣ በሁለት ጋራዦች መካከል የተሸጎጠች ክፍል ናት። በጎማ ነው የጀመሩት። ኋላ ላይ ከውጭ አገር ያገለገሉ የካርቦን ብስክሌቶች ወደ ከተማችን መግባት ሲጀምሩ፣ የተሰነጠቀውን ፍሬም፣ የብስክሌቱን አጥንት፣ ሰው እንደ ቆሻሻ ይጥለው ነበር። እሳቸው ግን የተጣለውን እየሰበሰቡ፣ በመጋዝ እየሰነጠቁ፣ ውስጡ የካርቦን ጨርቁ እንዴት ተደራርቦ እንደተጣበቀ ሲያዩ ከረሙ። የመጀመሪያዎቹ ጥገናዎች አልሆኑላቸውም። ያልሆኑትንም አልጣሏቸውም፤ ከጣሪያው ላይ በሽቦ አንጠልጥለው «መምህሮቼ» ይሏቸዋል። ወደዚያ ቤት የገባ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ከመምህሮቹ ሥር ማለፍ አለበት።

ሰው የተሰበረ ብስክሌት ተሸክሞ ሲመጣ ጋሽ ከድር መጀመሪያ ብስክሌቱን አያዩም። «አንተስ?» ይላሉ። «ጭንቅላትህን መታህ? እስቲ ዓይን ዓይኔን እየኝ።» ያልጣማቸው ነገር ካለ ብስክሌቱን ተቀብለው ባለቤቱን ወደ ጤና ጣቢያ ይሰዱታል፤ ታይቶ ካልተመለሰም ሥራ አይጀምሩም። ከዚያ ሬዲዮው ይዘጋል። ጎረቤት ያለው በያጅ እንኳ ያውቃልና መዶሻውን ያስቀምጣል። አሮጌ ሳንቲም ከደረት ኪሳቸው ያወጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ፍሬሙን ከላይ እስከ ታች ጠቅ ጠቅ ያደርጉታል። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የታመመው ድምፁ ይታፈናል። «ብረት ሲታመም ይጣመማል፤ ያስታውቃል» ይሉ ነበር። «ካርቦን ግን ክፉ አመል አለው። እስከሚሞትባት ደቂቃ ድረስ እየሳቀ ያሳልፋል።»

ስንቱ ፍሬሜ አለቀለት ብሎ እንባውን እያፈሰሰ መጥቶ «ይኼ የቀለም ጭረት ነው፤ ሂድና ምሳህን ብላ» ተብሎ ተመልሷል! የቱቦው ወገብ ላይ የተሰነጠቀውን ይጠግኑታል። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ወይም መሪው ከተሰነጠቀ ግን ልመና አይሰሙም። አንድ ጊዜ አንድ እቃ አድራሽ ወጣት ሹካው ተሰንጥቆበት መጣ። «በቃ እንዲሁ ይስጡኝ፣ ቀስ እያልኩ እነዳዋለሁ» አላቸው። እሳቸውም «ዓይንህ እንደምትጋልብበት ይናገራል፤ ልቁረጠው?» ብለው አስፈቅደውት፣ ሹካውን እዚያው ፊቱ በመጋዝ ለሁለት ቆረጡት። ልጁ ሲንሰቀሰቅ የራሳቸውን ብስክሌት አውጥተው «ሌላ እስክታገኝ በዚህ ሥራ» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ጊዜ ከአየር ጤና እስከ ኮልፌ ቤታቸው በእግራቸው ሲሄዱ አይቻለሁ።

የጋሽ ከድር ትልቁ ሕግ ግን ሌላ ነበር። የጠገኑትን ፍሬም ራሳቸው ሳይወርዱበት ለባለቤቱ አይሰጡም። ከአስኮ በላይ ወዳለው ቁልቁለት አናት ይወጣሉ፤ «ቢስሚላህ» ይላሉ፤ እንደ ውሃ ይለቁታል። ባለቤቱ ታች ሆኖ ይጠብቃል። የጋሽ ከድር ሚስት እትዬ ዘይነባም ታች፣ ከአንዲት ድንጋይ ላይ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ይቀመጣሉ፤ «ካልተከተልኩት አንድ ቀን ባልቴት አድርጎኝ ይመጣል» እያሉ። ጋሽ ከድር ፍሬን ይዘው ሲቆሙ እትዬ ዘይነባ የሚጠይቋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «አለህ?»

«አለሁ፣ ዘይኑ።»

ከዚያ በኋላ ነው ብስክሌቱ ለባለቤቱ የሚሰጠው። የመውረጃው ቀን ምንጊዜም ቅዳሜ ነበር። እኛ ቤት ሁላችን ጴንጤዎች ነንና «እሑድ አንቺ ቸርች ነሽ፣ ዓርብ እኔ መስጊድ ነኝ፤ ቅዳሜ ሁለታችንንም ያስታርቀናል» ይሉኝ ነበር።

ይህን ሕግ ሰው ይስቅበት ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ሳቁ ቀረ። የአንድ አባወራ ፍሬም ነበር፤ ልጁን ከፊት አስቀምጦ ትምህርት ቤት የሚያደርስበት። ጋሽ ከድር የሚታየውን ስንጥቅ ጠገኑ፣ ሁለተኛው ግን መሪው ሥር ተደብቆ ኖሯል። ቁልቁለቱ መሐል ላይ ፍሬሙ ለሁለት ተከፈለ። ስንደርስ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብለው ትከሻቸውን ይዘዋል፤ ከአንገታቸው ሥር ያለው የትከሻ አጥንት ተሰብሯል። እትዬ ዘይነባ ጩኸቱን ሲያቀልጡት እሳቸው የአባወራውን እጅ ይዘው «ይኸው! ለዚህ ነው እኔ የምቀድመው» አሉት። ሰውየው ልጁን አስቦ መሰለኝ እዚያው መንገድ ዳር ተንበርክኮ አለቀሰ። ያ ትከሻ ከዚያ በኋላ ዘንበል እንዳለ ቀረ። ፍሬሙም ከመምህሮቹ ጋር ተሰቀለ።

ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። የእኔን የካርቦን ብስክሌት እናቴ እቁቧን ሰጥታ፣ የቸርች ሰዎችም አዋጥተው ነው የገዙልኝ። ለክልል ክለብ መመልመያ ውድድር እየተዘጋጀሁ ሳለ ጦር ኃይሎች አካባቢ የአንድ ታክሲ በር ድንገት ተከፈተና ከነፍጥነቴ ገባሁበት። እኔ ክንዴ ተላጠ። ፍሬሙ የታችኛው ቱቦ ላይ ተሰነጠቀ። ተሸክሜው ሮጥኩ፤ ወዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ጋሽ ከድር እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ እኔን አዩ። ከዚያ ሬዲዮው ተዘጋ፣ ሳንቲሙ ወጣ። እኔም ጆሮዬን አቅንቼ ሰማሁ። መሐሉ ላይ ታፈነ፤ ግራና ቀኙ ጥርት አለ። ወገብ ላይ ነው፣ ይጠገናል ብዬ በልቤ እልል አልኩ። እሳቸው ሳንቲሙን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

«አልጠግነውም» አሉ። «ቀይሪው።»

«ጋሼ፣ ከዚህ የባሰውን ጠግነው የለም እንዴ?»

«ጠግኛለሁ።»

«ታዲያ የእኔ ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገ። ቀይሪው ብያለሁ፣ ቀይሪው።»

«በምን ልቀይረው? እናቴን ልሽጣት?»

«ልጄ፣ አትድረቂብኝ» አሉ፤ ፈገግ ብለው። ያቺ ፈገግታቸው አንጀቴን አሳረረችው። ፍሬሜን ብድግ አድርጌ፣ ደህና ዋሉም ሳልል ወጣሁ። መመልመያውን በከባድ የብረት ብስክሌት ተወዳደርኩና ከኋላ ካሉት ጋር ገባሁ። አልተመረጥኩም። አሠልጣኛችን «ለሚቀጥለው ዙር ደህና ብስክሌት ይዘሽ ነይ፣ አለዚያ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ» አለኝ። ፍሬሙን አልጋዬ ሥር ከትቼ ከአየር ጤና ታክሲ ተራ እንኳ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ ቤታችን መጡ። እናቴ ወንበር ሳትስብላቸው ተቀምጠው ነበር።

«ምን ሆናችሁ? ተኮራርፋችሁ ልትቀሩ ነው?» አሉኝ።

«እሳቸው ናቸው እምቢ ያሉኝ።»

«ፍሬሙ ደህና ነው፣ ልጄ። ደህና ያልሆነው እሱ ነው። ልቡ ደክሟል። ሐኪሙ ብስክሌት ላይ እንዳይወጣ ከልክሎታል። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር፤ ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «ያንቺን ፍሬም በመለሰ ዕለት ሌሊቱን አልተኛም። ‹ይጠገናል ዘይኑ፣ ሲበዛ ይጠገናል፤ ግን እኔ ባልወረድኩበት ልጅቷን እንዴት አወርዳታለሁ?› ይላል። ላንቺ ደግሞ አልናገርም አለ፤ ‹ካወቀች ታለቅስብኛለች› ብሎ።»

አለቀስኩ። ፍሬሙን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁና በዚያው ሰዓት ሄድኩ።

ጋሽ ከድር ጋቢ ለብሰው በሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፍሬሙን ሲያዩ «ዘይነባ ምስጢር አይበረክትላትም» አሉ።

«ይጠግኑልኝ» አልኳቸው። «እኔ ራሴ እወርድበታለሁ።»

ከዚያ በፊት ተቆጥተውኝ አያውቁም። «የእኔን እጅ ሥራ አንቺ ልትፈትኚልኝ? ወድቀሽ ብትቀሪ ለእናትሽ ምን ልበላት? ልጅሽ ፈቅዳ ነው ልበላት?» አሉ። ትንፋሻቸው አጠራቸው።  ሲመለስላቸው «እጅሽን አሳዪኝ» አሉኝ። መዳፌን ገልብጠው እንደ ፍሬም አዩት። «የጠገነ ነው የሚወርደው። አንቺ ከጠገንሽ አንቺ ትወርጃለሽ። እኔ አፌን ነው የማበድርሽ፣ እጄን አይደለም።»

እንዲህ ሆኖ ተማሪያቸው ሆንኩ። የተሰነጠቀውን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ ፋቅኩ፤ አፍንጫዬን ካልሸፈንኩ አያስጀምሩኝም። የካርቦን ጨርቁን ቆርጬ በማጣበቂያው አርሼ ደራረብኩት። በችኮላ ነበር። ሲደርቅ ሳንቲሙን ሰጡኝና «ምን ይላል?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ ይላል።»

«ውሸታም! እሱም አንቺም። እንደገና።»

ከሥሩ ፍቄ አነሳሁት። ሁለተኛውም አልጣማቸውም፤ አንድ ቦታ ላይ አየር ገብቶበት ነበር። «ጋሼ፣ በቃ ይሁን» ስላቸው «ቁልቁለት ይሁንን አያውቅም» አሉኝ። ደንበኛ ሲመጣ ተነስተው ይስቃሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ሻይ ያዝዛሉ። ደንበኛው ሲሄድ ግድግዳውን ይዘው ነው የሚቀመጡት። ስለ ካርቦን የነገሩኝ ሁሉ ስለ ራሳቸው መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ «ጋሼ፣ ሆስፒታል ይተኙ እንጂ» አልኳቸው። «ታይቻለሁ፣ መድኃኒቴን እውጣለሁ። የእኔ ስንጥቅ ወገብ ላይ አይደለም ልጄ፤ መሪው ሥር ነው» አሉና ወደ ሥራዬ መለሱኝ።

ሦስተኛውን ጥገና የሠራሁት ሐሙስ ነበር። ጨርቁን ስደራርብ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ እጄን ብቻ ያያሉ። በላስቲክ ጠበቅ አድርጌ ጠቀለልኩት። ጎንበስ ብለው አዩት። «አሁን አትንኪው» አሉ። «ይረፍ። ሰው ጥሩ ይሠራና በመንካት ያበላሸዋል።» ከዚያ ደረት ኪሳቸውን ዳበሱና ሳንቲሙን አውጥተው እጄ ላይ አደረጉት። «ያዥው፣ እኔ ነገ ብዘገይ» አሉኝ። ዓርብ ከመስጊድ በኋላ ነው የሚመጡት ብዬ ተቀበልኳቸው። በማግስቱ ማለዳ ስልኬ ጮኸ።

በሐዘኑ ቤት እናቴ ሥጋ የሌለበትን ወጥ ሠርታ፣ ዳቦ ይዛ ትመላለስ ነበር። እኔ ከእትዬ ዘይነባ እግር ሥር ተቀመጥኩ። ሰው ሲቀንስ ጎንበስ ብለው «ያ ነገር ደረቀ?» አሉኝ።

ሁለታችን ሄደን መጠገኛ ቤቱን ከፈትን። ጋቢያቸው ወንበሩ ላይ ነበር። ላስቲኩን ፈታሁ። ሬዲዮው አልተከፈተም ነበር፣ ግን ከልማድ ልዘጋው እጄን ሰደድኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ጠቅ ጠቅ አደረግኩት። ጥርት አለ። ደግሜ አደረግኩት፤ ጥርት አለ። ግን ማንን ልመን? ጆሮዬን? የሚፈልገውን የሚሰማ ጆሮ ስንት ሰው ጥሏል። «ምን ይላል?» የሚለኝ ሰው አልነበረም። ያኔ ነው ጋሽ ከድር መሞታቸውን በእውነት ያወቅሁት። ፍሬሙን ታቅፌ ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ እትዬ ዘይነባም አብረውኝ።

እናቴ «ይቅርብሽ ልጄ፣ ሌላ እንፈልጋለን። ሥራ የጀመርሽው ገና አሁን ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሽቦ አዘጋጅቼ ፍሬሙን ከመምህሮቹ ጋር ልሰቅለው ወንበር ላይ ወጥቼ ነበር። እዚያው ላይ ቆሜ ያ ለሁለት የተከፈለውን የአባወራውን ፍሬም አየሁት። ጋሽ ከድር ስለ እሱ የሚሉትን አስታወስኩ። «እርግጠኛ ሆኜ አይደለም የምወርደው። እርግጠኛ ብሆንማ ለምን እወርዳለሁ?» ከወንበሩ ወረድኩ።

ብስክሌቱን ገጣጠምኩና በሳምንቱ ቅዳሜ አስኮ ሄድን። እትዬ ዘይነባ ከኀዘን ቤት ወጥተው ከዚያችው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ የሚናገር ይናገር አሉ። እናቴም አጠገባቸው ሆና በኢየሱስ ስም እያለች ትጸልያለች። ላይ ወጣሁ። ጋሽ ከድር «ቢስሚላህ» ይሉበት የነበረው ቦታ ላይ እኔም «ጌታ ሆይ» አልኩና ለቀቅኩት።

ስለ መንገዱ ብዙ የምነግራችሁ የለኝም። ነፋስ ነበር። ጆሮዬ ሁሉ ታችኛው ቱቦ ላይ ነበር። ዝም አለ፤ እስከ ታች ድረስ ዝም አለ። ፍሬን ይዤ ድንጋዩ አጠገብ ቆምኩ። እትዬ ዘይነባ ተነስተው «አለሽ?» አሉኝ።

«አለሁ» አልኩ።

ደረቴ ላይ ወድቀው እንደ አዲስ አለቀሱ። ለሚቀጥለው ዙር የምወዳደረው በዚያ ፍሬም ነው። የአየር ጤናዋም ቤት ተከፍታለች፤ ብስክሌታችሁ ቢሰበር ኑ፣ መጀመሪያ ግን እናንተን አያለሁ።

ጋሽ ከድር፣ ደጉ ሰው፣ ደህና ይሂዱ። አኩርፌዎት የቆየሁባቸው ሳምንታት ቆጭተውኛል፤ መልሼ ባገኛቸው ከወንበርዎ ሥር ነበር የምቀመጥባቸው። ሳንቲምዎ ደረት ኪሴ ውስጥ ናት። ዘይኑን አደራ እንኳ አላሉኝም፤ ቢሉኝም አያስፈልግም ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ነን። ናፍቀውናል፣ ጋሼ፤ ታክሲ ተራው ሳይቀር ናፍቆዎታል። ማናችንም ያልወረድንበትን ያንን ቁልቁለት ይኸው እንደ ልማድዎ ቀድመውን ወረዱት። እኛም አንድ በአንድ እንከተላለን። የእኔ ተራ ሲደርስ ታች ሆነው ይጠብቁኝ፤ ፍሬን ይዤ ስቆም እርስዎ ይጠይቁኝ።

«አለሽ?» ይበሉኝ።